ሁለት አባቶችና አንድ የፈረንሳይ ሽጉጥ

ሰው በራሱ ጉዳይ ሲጣላ ዳኛ አያጣም፤ ጭንቁ በማያገባው ነገር ሲጣላ ነው። የድንበር ጠብ ቢሆን ገመድ ተዘርግቶ ይለካል። የውርስ ጠብ ቢሆን ምስክር ይጠራል። ግን እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሁለት ጨዋ፣ ሽበታም፣ ጾም የማይገድፉ ሰዎች፣ ፈረንሳይ አገር፣ ያውም ፊልም ውስጥ፣ አንድ የማያውቁት መርማሪ ፖሊስ በያዘው ሽጉጥ ቢጣሉ ማን ይሸመግላቸዋል? የፈረንሳይ ቆንስል?

እዚህ ሚኒሶታ ደግሞ ጠብ እንደ ሥጋ ነው፤ ብርዱ ያከርመዋል። አገር ቤት ብትጣሉ ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ ትገናኛላችሁ፣ ከሰዓት ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ፣ ሳትወዱ በግድ «እንዴት ዋልክ» ትባባላላችሁ፤ ትንሽ ሰንብታችሁ ምን እንዳጣላችሁም ትረሳላችሁ። እዚህ ግን አንዱ ኩን ራፒድስ፣ አንዱ ብሉሚንግተን ነው። መካከላቸው አውራ ጎዳና አለ፣ በረዶ አለ፣ ሺፍት አለ። መጣላት በስልክም ይቻላል፤ ለመታረቅ ግን ድራይቭ ማድረግ ይጠይቃል። በጥር ወር ደግሞ ማን ወዶ ድራይቭ ያደርጋል?

የብሉሚንግተኑ ሰው ሻለቃ ደጀኔ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ለፖሊስ ምልምሎች የጦር መሣሪያ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው ሽጉጥ ፈታትተው መልሰው ይገጥሙ እንደነበር ራሳቸው ነግረውናል፤ ኧረ ደጋግመው ነግረውናል። አሁን በትልቁ የገበያ አዳራሽ ሴኩሪቲ ናቸው፤ የታጠቁት መሣሪያ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። የኩን ራፒድሱ አቶ በርሄ ደግሞ አስመራ የፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው አይተኩሱም፤ ያጸዳሉ፣ ይጠግናሉ፣ ይቆልፋሉ። አሁን አንድ መደብር ውስጥ ዕቃ ይደረድራሉ፤ የሳቸው መደርደሪያ ላይ ያለች የሾርባ ቆርቆሮ እንኳ ሰልፍ ላይ እንደቆመ ምልምል ቀጥ ትላለች።

ሁለቱ የተዋወቁት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ ስለ ሽጉጥ ሲያወራ ሌላው ሰማ፣ በቃ፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ ያለ ሌላው እንጀራ አይቆርስም ነበር። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን፣ ስንቱ ማኅበር ሲሰነጠቅ፣ ስንቱ ወዳጅ ሰላምታ ሲነፋፈግ፣ እነሱ «አንተም በአገርህ፣ እኔም በአገሬ፤ ቅዳሜ ግን እኔ ቤት ነው» ተባብለው ቀጠሉ። እንግዲህ አገር ሲከፈል ያልተጣሉ ሰዎች ናቸው በአንድ ሽጉጥ የተጣሉት። ጉድ በሉ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻለቃ የፈረንሳይ የፖሊስ ፊልም ይወዳሉ። የአሜሪካኑን ዓይኑን ለአፈር ይላሉ፤ «ጥይት ሳይጎርስ ቀኑን ሙሉ የሚተኩስ ሽጉጥ የትኛው ግምጃ ቤት ነው ያለው?» እያሉ ይበሳጫሉ። የፈረንሳዩ መርማሪ ግን አንዴ ይተኩስና ሲጋራ ለኩሶ ይቆዝማል፤ ይኼ ደስ ይላቸዋል። ፈረንሳይኛውን አይሰሙም። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛም መነጽራቸው ካልተገኘ አያነቡትም። ምን ቸገራቸው? ለሳቸው የሚናገረው መሣሪያው ነው። ካሴቱን ልጃቸው ማርታ ከላይብረሪ ታመጣላቸዋለች።

በገና ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች ሻለቃ ቤት ተሰብስበን ነበር። እኔም አለሁ፤ የአቶ በርሄ ልጅ ዮናስ የክርስትና ልጄ ነው። ዮናስና ማርታ እንደሚፈላለጉ ግድግዳው ሳይቀር ያውቃል። ግን ሽማግሌ ገና ስላልተላከ ማንም አያውቅም። በእኛ ዘንድ የታወቀ ነገርና የተነገረ ነገር ለየቅል ናቸውና፣ ሁላችንም ምንም እንዳላየን ሆነን ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጥን። መርማሪው የአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ወጣ፣ በር ሰብሮ ገባ፣ ተኮሰ።

«ስድስት ጎራሽ ናት» አሉ ሻለቃ፣ ኬክ እያላመጡ።

«ካዝና ያላት ናት፤ ጥይቷ በእጀታዋ የሚገባ» አሉ አቶ በርሄ፣ ቀስ ብለው።

«በርሄ፣ እኔ እኮ ስንቱን ምልምል በስድስት ጎራሽ ያስተኮስኩ ሰው ነኝ።»

«እኔም ስንቱ ምልምል ያቆሸሸውን ሽጉጥ ያጸዳሁ ሰው ነኝ።»

«እሱማ ነው፤ አንተ የምታውቀው ዘይቱን ነው።»

ዮናስ «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሙቪ» አለ፤ የሰማውም የለ። እኔ ደግሞ አዋቂ መስዬ «ታዲያ ወደ ኋላ መልሰን ብናየውስ?» ብል ሁለቱም ባንዴ ዞረው ገላመጡኝ። «ዓይኔን በማሽን ላስመሰክር?» አሉ ሻለቃ። «እኔን ቪሲአር ሊዳኘኝ?» አሉ አቶ በርሄ። የዚያን ቀን የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው። አቶ በርሄ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ባለቤታቸውም የተጀመረ ኬካቸውን ትተው ተከተሏቸው፣ ዮናስ ማርታን አያት፣ ማርታ ዮናስን አየችው፣ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ የለ፣ ቅዳሜ የለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዱ ቀኝ ሲቆሙ አንዱ ግራ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በጓሮ በር። እኛ መጀመሪያ ሳቅን። «ይበርድላቸዋል» አልን። ግን አልበረደም። ውሎ አድሮ ማርታ ለዮናስ ቁርጡን ነገረችው፤ ሁለቱ አባቶች አንድ ላይ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ቀለበት አላደርግም፣ በአባቴ ኀዘን ላይ አልዳርም አለች። ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ይቺን ግን አጥርታ ተናገረች አሉ። ዮናስ እኔ ቤት መጥቶ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሰው የሚያክል ልጅ በአባቱና በአማቱ ሽጉጥ ምክንያት ሲያለቅስ ማየት! ሳቁ የቆመው ያን ዕለት ነው።

ሽማግሌ ተመረጥን። አንደኛ ጋሽ ወልዴ፤ በዕድሜም በንግግርም የሚቀድማቸው የለም፤ ጉልበታቸው ብቻ ነው የከዳቸው። ሁለተኛ ሐጂ ኑር፤ የአስመራ ሰው፣ ታክሲ የሚነዱ፣ በከተማው ያልገቡበት ዕርቅ የሌለ። ሦስተኛ እኔ፤ እኔ የተመረጥኩት የክርስትና አባት ስለሆንኩ እንጂ ሽምግልና አውቄ አይደለም። «ዕርቁን እናስቀድም ወይስ ልጅቷን እንጠይቅ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ጋሽ ወልዴ «ልጅቷን! ልጅ የሰጠ ሰው ሽጉጥ አይከለክልም» ብለው ቆረጡት።

በደንቡ የልጁ አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። አቶ በርሄ ግን «ኩን ራፒድስ ተቀምጬ ልቤ ይፈርጥ?» አሉና ከእኛ ጋር ታክሲው ውስጥ ገቡ። ከመኪና ላይወርዱ ምለው ተገዝተው፣ ሐጂ ከሕንፃው ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉ፤ ሂተሩን ለቀውላቸው እኛ ገባን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ልጆቻችሁ ግን ላያውቁት ይችላሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ «እሺ» ካልተባለለት አይቀመጥም። የሽማግሌ መሣሪያው መቆሙ ነው። ባለቤቱ እንግዳ አቁሞ ማዋል ስለሚያፍር፣ ኀፍረቱ ቀስ በቀስ ያሸንፈዋል። የተቀመጠ ሽማግሌ ጥይት የጨረሰ ወታደር ማለት ነው። ጋሽ ወልዴ ደረጃውን ሲወጡ «ማንም እንዳይቀመጥ!» ብለው ያስጠነቀቁን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለገዛ ጉልበታቸው ነበር።

ሻለቃ በሩን ከፍተው «ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሻለቃ መረር ያለች ፈገግታ ፈገግ አሉ። «ገብቶኛል። በርሄ ነው የላካችሁ።»

ምን ይባላል? በርሄ ናቸው የላኩን፤ የላኩን ግን ለሌላ ነው። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያንን ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሻለቃ እጃቸውን አነሡ። «አይድከሙ ጋሼ። እኔ ለራሴ ፊልሙን መልሼ አላየሁትም፤ አላስፈለገኝም። ሽማግሌ ግን ማስረጃ አይቶ ነው የሚፈርድ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» አሉና ካሴቱን ከመጀመሪያው ጀምረው ለቀቁት። ማርታ ለካ በየጊዜው ላይብረሪ እያስታደሰች ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጣዋለች።

ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈን ቆመን የፈረንሳይ ፊልም ማየት ጀመርን። ያውም ሻለቃ መሣሪያ በታየ ቁጥር ሪሞቱን እየተጫኑ ያቆሙታል። አንዱ ወሮበላ ሴንጢ መዘዘ፤ ቆመ። «ይቺ ለማስፈራሪያ ናት፤ የሚወጋ ሰው አያሳይም» ተባልን። ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት ሽጉጥ መጣ፤ ቆመ። «እንዲህ እፍ አይልም፤ እውነተኛው ይሰማል፤ ፈረንሳዮቹም እዚህ ላይ ዋሽተዋል።» ባንክ የሚዘርፉት ሰዎች አጭር መትረየስ ይዘው ገቡ፤ ቆመ። አንዱ አያያዙን ስለማያውቅበት አገር ቤት ቢሆን ይቀጡት እንደነበር ሰፊ ማብራሪያ ተሰጠን። የጋሽ ወልዴ ጉልበት ተንቀጠቀጠ። ሐጂ ኑር ሽምግልናውን ረስተው ፊልሙ ውስጥ ገብተዋል፤ «ይቺ ሴትዮ አላማረችኝም» ይላሉ። እኔ ደግሞ ታክሲው ውስጥ ስላለው ሰው አስባለሁ። እነዚህ ሁለት አባቶች ዛሬ ካልተገናኙ ዮናስ መቼም አይዳርም። ሻለቃ ደግሞ ማስረጃቸው ትክክል ሆኖ ቢገኝ ያቺን ድላቸውን ይዘው አቶ በርሄን ምን ሊያደርጓቸው ነው? እውነቴን ነው፣ ቆሜ ጸለይኩ፤ ካሴቱ እንዲበጠስ ጸለይኩ!

አልተበጠሰም። መርማሪው አሮጌው ፎቅ ደረሰ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ከወገቡ መዘዘ። ሻለቃ አቆሙት። ስድስት ጎራሽ! ጥይት የሚጎርስበት ክብ ሆዱ ሳይቀር ፍንትው ብሎ ይታያል።

«እ? እ? ፍረዱ!» አሉ ሻለቃ።

ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ደፉ። ሻለቃ በደስታ ሪሞቱን ተጭነው ለቀቁት፣ መርማሪው በሩን በርግዶ ገባ፣ ተኮሰ። በዚህ መሐል የሻለቃ ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች፣ ከማድ ቤቱ በር ላይ እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ሻርፑንም ቀይሯል እኮ» አሉ።

«የምን ሻርፕ?» አሉ ሻለቃ።

«የሰውየው። ደረጃው ላይ ቡናማ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲገባ ሰማያዊ። በሁለት ቀን ያነሡት ይሆናል።»

ሻለቃ መልሰው አዩት። ደረጃው ላይ ቡናማ ሻርፕ፣ ስድስት ጎራሽ። ቤት ውስጥ ሰማያዊ ሻርፕ፣ እና እጁ ላይ... አቆሙት። ወደ ቴሌቪዥኑ ተንበረከኩ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ካዝና ያላት ሽጉጥ! ጠፍጣፋ፣ ቀጭን፣ ልክ አቶ በርሄ እንዳሉት። ያ የተረገመ መርማሪ በር ላይ በአንድ ሽጉጥ ገብቶ ውስጥ በሌላ ሽጉጥ ተኩሷል። ሻለቃ የመጀመሪያውን አዩ፣ አቶ በርሄ ሁለተኛውን አዩ። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት።

«አንቺ ሻርፑን መቼ አየሽው?» አሉ ሻለቃ፣ ድምፃቸው ሰልሎ።

«የዚያኑ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉና ወይዘሮ ዘነበች ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ሻለቃ ብድግ አሉ። «በርሄ የት ነው?» ሐጂ ኑር ምስጢር መጠበቅ የሚባል ነገር ጠፍቷቸው «ታክሲዬ ውስጥ» አሉ። ሻለቃ ያለ ካፖርት፣ በነጠላ ጫማ፣ ሪሞቱን በእጃቸው እንደያዙ በሩን ከፍተው ወደ በረዶው ሮጡ። እኔም «ሻለቃ! ኧረ ብርዱ!» እያልኩ ተከተልኳቸው።

አቶ በርሄ በኋላ እንደነገሩን፣ በመኪናው መስታወት ሲያዩ የተጣሉት ሰው በሸሚዝ ብቻ፣ እጁ ላይ ጥቁር ነገር ይዞ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሲመጣባቸው ታያቸው። ዕድሜ ልካቸውን መሣሪያ ሲለዩ የኖሩት ሰው፣ የያዘው ስድስት ጎራሽ ይሁን ካዝና ያለው ለማየት እንኳ አልቆዩም። በሩን ቆለፉና የመኪናው ወለል ላይ ተጋደሙ። ሻለቃ ደርሰው መስታወቱን በሪሞቱ ያንኳኩ ጀመር።

«በርሄ! ውጣ!»

«ምን አድርጌህ ደጀኔ?» አለ ከወለሉ አንድ ድምፅ። «ልጅ አለኝ!»

«ውጣ እንጂ ወንድሜ! ልክ ነህ! እኔም ልክ ነኝ! የተሳሳተው ፈረንሳዩ ነው!»

የአቶ በርሄ ሽበት በመስታወቱ በኩል ቀስ ብሎ ብቅ አለ። በሩ ተከፈተ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ንፋሱ አላሰማ አለኝ፤ ብቻ ሁለት ሽማግሌዎች በረዶ መሐል ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ አየሁ። አንዱ በብርድ፣ አንዱ በድንጋጤ፣ ሁለቱም በደስታ። እኔስ? እኔማ እዚያው የታክሲውን ኮፈን ተደግፌ «እፎይ!» አልኩ። ለካ ከገና ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ ኖሬአለሁ።

ስንገባ ሻለቃ የአቶ በርሄን ካፖርት ራሳቸው ተቀብለው ሰቀሉ። ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡና ያቺን ቦታ መልሰው አዩ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። «እየው፣ እየው፣ አሁን ይቀይራታል!» ይላል አንዱ። «ወይ ሌባ!» ይላል ሌላው። በመጨረሻ ሻለቃ ቀና ሲሉ እኛን አዩን፤ እኛ አሁንም እንደቆምን ነን። ጋሽ ወልዴ ግድግዳውን ይዘው ላባቸው ይንቆረቆራል።

«እናንተ ደግሞ ምን ይገትራችኋል?» አሉ።

«ሻለቃ፣ የመጣንበት ጉዳይ...» ብለው ጋሽ ወልዴ ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ፣

«ለማርታ አይደል የመጣችሁት? አሁን ገባኝ! ሰጥቻለሁ፣ ሰጥቻለሁ! ልጄን ለልጁ ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ በቃ፣ ቴሌቪዥኑን ጋረዳችሁት።»

ከማድ ቤት እልልታው ቀለጠ። ማርታ ከክፍሏ ወጥታ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ከዚያ የአቶ በርሄን ጉልበት ስማ አለቀሰች፤ እሳቸውም አብረው። ሐጂ ኑር መረቁ። ጋሽ ወልዴ እንዲህ ያለ ንግግራቸው ሳይሰማ ልጅ ስለተሰጣቸው ቅር ብሏቸው ነበር፤ ወንበር ላይ ሲያርፉ ግን ከጉልበታቸው የወጣው ድምፅ ቅሬታቸውን ሁሉ ይዞት ሄደ። ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ማዕዱ ቀረበ፣ ፊልሙም እንደተለቀቀ ነው።

መቼም ደስታ ሲበዛ ያስፈራል። ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንድ ገበሬ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ይዞ ከጎተራ ጀርባ ብቅ አለ። ሻለቃ ሳያስቡት «ቤልጅግ ሥራ ነው» አሉ።

ጉርሻ አፍ ውስጥ ቀረ። ማርታ ውሃ የያዘውን ማንቆርቆሪያ እንዳንጠለጠለች ደርቃ ቆመች። እኔ ከመሣሪያ ጋር አልተዋወቅሁም፤ ጠመንጃው ቤልጅግ አለመሆኑን ግን ከአቶ በርሄ ፊት ላይ አነበብኩት። አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ማርታ ላይ አረፈ። አፋቸውን ዘጉ። ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉና፣

«ቤልጅግ ነው» አሉ።

ሻለቃ ቀስ ብለው ዞረው አዩዋቸው። ሰውየው ስለ መሣሪያ ሲዋሽ ያዩት የመጀመሪያ ቀን መሆን አለበት። «የለም» አሉ፣ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «አሁን ደህና አድርጌ ሳየው ጣሊያን ሥራ ነው የሚመስለው።»

«ኧረ ቤልጅግ ነው፤ አስተማሪው አንተ!»

«ግምጃ ቤት የያዝከው አንተ፤ ጣሊያን ነው!»

«በማርያም፣ ቤልጅግ ይሁን!»

«አንተ ትሙት፣ ጣሊያን ነው!»

እንዲህ እያሉ አንዱ ለአንዱ እውነቱን እንደ ጉርሻ ያጎርሱ ጀመር፤ አንዱ እንቢ ሲል ሌላው ሲለምን፣ እኛም ግማሻችን «ቤልጅግ ነው» ግማሻችን «ጣሊያን ነው» እያልን ስንገላግል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጠመንጃው ጮኸ፣ አንድ ሰው ወደቀ፣ አንዱ በካቴና ታሰረ፣ ሙዚቃ ተሰማ፣ ስም ከታች ወደ ላይ ተጎተተ። ሐጂ ኑር ብቻ «ምነው፣ አለቀ እንዴ?» ብለው ዙሪያቸውን አዩ። ገዳዩ ማን እንደነበር፣ ያን ቀን እዚያ ቤት ከዋልነው ሰዎች አንዳችንም እስከ ዛሬ አናውቅም።